ጦሳ ላይ የቀረችው መብራት

ጦሳ ተራራ ላይ የቀረችው አንዲት መብራት ብቻ ነበረች።

በዚያ ሰሞን ደሴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሲመሻሽ ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ፣ ከሰላምታው በፊት ወደ ተራራው ቀና ይልና «አለች?» ይላል። «አለች» ይሉታል። «እንዴት ያለች ግትር ናት እቴ!» ይልና ከዚያ ወዲያ ነው የልጁም የቤተሰቡም ጤና የሚጠየቀው። ሊያዩዋት ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ሳይቀሩ አንገታቸውን ሰቅለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ።

እማማ ፌቨን ግን ያቺን መብራት ጠምደዋት ነበር። መስኮታቸው ላይ ቆመው እንደ ሰው ያነጋግሯታል። «ምን አባሽ ጎደለሽ? ምን ቢሰጡሽ ነው የምትጠፊው?» ይሏታል። እንድትጠፋም ይፈልጋሉ፤ እንዳትጠፋም ይፈራሉ። ያቺ መብራት የጠፋች ዕለት የልጅ ልጃቸው ሥራ ያልቃላ!

የልጅ ልጃቸው ረድኤት ትባላለች። ወላጆቿ በጨቅላነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ «ልጄ» እንጂ ሌላ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። የተማረችውም የምታስተምረውም የሕፃናትን ድህነት ነው፤ አንድ አገር ልጆቹን ከችግር እንዴት ያወጣል የሚለውን። መጀመሪያ የተመረቀች ጊዜ ጎረቤቱ ስቆ ሊሞት ነበር። «የሰው ልጅ ሐኪም ሆነ፣ መሐንዲስ ሆነ ሲባል ያንቺዋ ድህነት ተምራ መጣች? እሱንማ እዚሁ በነፃ እናስተምራት አልነበር!» ብለዋቸዋል።

ረድኤት ግን አልሳቀችም። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆችን ፍለጋ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞረች። ጻፈች፣ አስተማረች፣ ከባለሥልጣን ጋር ተሟገተች። አንድ ቃል ነበራት፦ «ልጅ የሚራበው አገር ስለደኸየ ብቻ አይደለም፤ አገር ስላላየው ነው» ትላለች። እንግዲያውስ ይታይ ተባለ። በአገሩ ያለና የሚወለድ ልጅ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀጭን ክር ይታሰርለት ጀመር። ክሩ የልጁን ሆድ ያውቃል፣ ብርዱን ያውቃል፣ ፍርሃቱን ያውቃል። ለጎደለበት ልጅ ሁሉ ጦሳ ላይ አንዲት መብራት ትበራለች። መብራቷ ስም የላትም፤ ቤትም አትጠቁምም። እንዲሁ ትበራለች።

እማማ ፌቨን መብራቶቹ የበሩበትን የመጀመሪያ ምሽት መቼም አይረሱትም። ሰማይ ተገልብጦ ተራራው ላይ የፈሰሰ መስሏቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከግርጌ እስከ አናት አንድ ጨለማ ቦታ አልነበረም። መንገዱ ላይ መኪናዎች ቆሙ፤ ሾፌሮች ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ይህ ሁሉ ልጅ ነው?» አለ አንድ ሰው። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል? ተራራው ያያል። እህሉ፣ ገንዘቡ፣ ሕጉ ሁሉ ቅድሚያ ለልጅ ሆነ፤ ለአዋቂ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት በተተካ ቁጥር መብራቶቹ እንደ ንጋት ኮከብ እየሳሱ ሄዱ።

የረድኤት ክፍልም አብሮ ሳሳ። ድሮ አዳራሽ ሞልቶ ደጅ ቆመው ይሰሟት ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ብቻ ተመዘገበ፤ እሱም የታሪክ ትምህርት መስሎት ነው የመጣው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ድህነትን አጥፋልን ብዬ የለመንኩት እኔ፣ ምነው ለልጄ መተዳደሪያ ትንሽ ቢያስተርፍላት!» ይላሉ እማማ ፌቨን። ይሉና ከአፋቸው በወጣው ነገር ደንግጠው ያማትባሉ።

ሐሙስ ዕለት ረድኤት ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«የተራራው ሥራ ቅዳሜ ይዘጋል» አለች።

«ጠፋች?»

«አልጠፋችም። ብትጠፋም ባትጠፋም ይዘጋል። ባለሥልጣኖቹ አንዲት መብራት የክር ብልሽት ናት ብለዋል። በመዝጊያው በዓል ላይ እኔ መብራቶቹን በሚያዘው ሰሌዳ ላይ እጄን አስቀምጬ ‹ተፈጸመ› እላለሁ፤ ያኔ ትጠፋለች።»

«ከዚያስ? አንቺስ የት ትወድቂያለሽ?»

«የዕድሜ ልክ መንበር ሰጥተውኛል። ሳላስተምርም እከበራለሁ፣ እከፈላለሁ።»

እማማ ፌቨን እልልታቸውን ሊያቀልጡት አፋቸውን ከፍተው የልጃቸውን ፊት አዩና እዚያው ዋጡት። «ምነው ታዲያ ፊትሽ ጠቆረ? አመመሽ? ምሳ በልተሻል? ይህን ሹራብሽን ደርቢ እያልኩሽ...»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«የማን ናት መብራቷ? ለኔ ንገሪኝ። መቃብር ነኝ።»

«አይነገርም። ሕግ ነው።»

«ለኔም?»

«ለአንቺማ ይልቁንም» አለችና ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ይህ «ይልቁንም» ያለችው ነገር እማማ ፌቨንን ሲከነክናቸው አመሸ፣ ሲከነክናቸው አደረ።

በማግስቱ በማዕድ ሰዓት እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

የማዕድ ሰዓት በደሴ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደወል ይሰማል። ሕዝቡ እርግብ የሚላቸው ነጫጭ በራሪዎች በየደጃፉ ዝቅ ብለው ለእያንዳንዱ ልጅ ሳህኑን ያስቀምጡና ይሄዳሉ። ሳህኑ በባለቤቱ መዳፍ ካልሆነ አይከፈትም። ለዚያ ልጅ አካል የተሰፈረ ነው፤ አይጎድልም፣ አይተርፍም። ያን ጊዜ በየቤቱ ያለው አዋቂ ሁሉ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ጀርባውን ለልጁ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ።

መጀመሪያ ይህ ሕግ ነበር። ከልጅ ሳህን የቀመሰ አዋቂ «የሕፃን ጉሮሮ ነጣቂ» ተብሎ ይከሰሳል፤ ልጁንም ወስደው ልጆች ማደሪያ ያስገቡታል። እያደር ግን ሕጉ ጨዋነት ሆነ። ልጅ ሲበላ ዞሮ የሚያይ ሰው «ዓይኑ የማይጠግብ» ይባላል፤ ከቤቱ ጋብቻ እንኳ አይፈለግም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በመንገዱ የሚያልፍ እንግዳ የሚያየው፣ በየደጃፉ ተደርድረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዝም ብለው ወደ እሱ የሚመለከቱ ሽማግሎችንና ባልቴቶችን ነው። ከኋላቸው የሚያኝክ ልጅ ድምፅ ይሰማል። ሌላ ምንም።

እማማ ፌቨን ቤት ልጅ የለም። ነገር ግን ጎረቤት ተቀምጦ እሳቸው ቢቀሩ ነውር ነውና ይወጣሉ። አጥር የሚለያያቸው ጎረቤታቸው እማማ ኢክራም ናቸው፤ ከልጅነት ጀምሮ የኖሩ ጓደኛሞች። እማማ ኢክራም የሚያሳድጓት ነቢሃ የምትባል ሰባት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጅ አለቻቸው።

«ነገ በዓሉ ላይ ከኔ ጋር ትቀመጫለሽ አይደል?» አሉ እማማ ፌቨን፣ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

«ካንቺ ጋር ካልተቀመጥኩ ማን ጋር ልቀመጥ? ብቻ ያን የተበላሸ ሽቶሽን እንዳትቀቢ።»

«የልጄ በዓል ነው፣ እቀባለሁ!»

«እንግዲያው ንፋስ ባለበት በኩል እኔ እቀመጣለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። «ቂጣ ጋግሬያለሁ፤ ልላክልሽ?» አሉ እማማ ፌቨን።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ነው የበላሁት። ሆዴ ተነፍቷል።»

እማማ ኢክራም ሁልጊዜ መልሳቸው ይኸው ነው። አሁን ነው የበላሁት። እማማ ፌቨን አመኗቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ነገ ምን ሰዓት እንደሚወጡ ሊጠይቁ ፈልገው፣ ሐሳብ ስለበዛባቸው ጨዋነቱን ረሱትና አንገታቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

ነቢሃ ከቤት ወጥታ ከአያቷ ፊት ቆማ ነበር። በእጇ ጉርሻ ይዛለች።

«ግቢ አልኩሽ!» ይላሉ እማማ ኢክራም በሹክሹክታ። «በልቻለሁ እኮ!»

«አልበላሽም። አፍሽን ክፈቺ።»

«ሰው ያየናል። ይወስዱሻል፣ አንቺ ልጅ!»

«ብቻዬን አልበላም።»

እማማ ኢክራም ከንፈራቸውን ገጠሙ። ልጅቱም እጇን ዘርግታ ጠበቀች። በመጨረሻ አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። እንደዚያ ቶሎ ቶሎ ሲያኝኩ እማማ ፌቨን አይተዋቸው አያውቁም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ነቢሃ፣ ሁለተኛውን ልታመጣ ወደ ውስጥ እየሮጠች።

እማማ ፌቨን ወደ ተራራው ቀና አሉ። መብራቷ አለች። ወንበራቸውን እዚያው ትተው ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

«ረድኤት! የኢክራም ልጅ ናት! መብራቷ የነቢሃ ናት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ እማዬ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ። ክሩን የማነበው እኔ ነኝ።»

«እያወቅሽ አጥር ለአጥር ተቀምጠሽ...»

«ብናገር እማማ ኢክራምን ይከሷቸዋል፤ ልጅቱን ይወስዷታል። ስሟን ሳልጠራ ሳህኗን እናሳድግላት ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ከአካሏ በላይ አይሰፈርም አሉኝ። በዘዴ ለእማማ ኢክራም እህል ላኩላቸው፤ ‹ለተቸገረ ስጡት፣ እኔ በልቻለሁ› ብለው መለሱት።»

እማማ ፌቨን ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ታዲያ ከዚህ ሁሉ አገር እሷ ብቻ ናት የተራበችው?»

ረድኤት መጥታ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «እሱን ነው የማስበው እማዬ። ሌሎቹ ልጆች ሳህናቸውን ጠርገው ይበላሉ፤ ስለዚህ መብራት የላቸውም። መንገዱን አይተሽዋል? ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡትን አዋቂዎች፣ የጎደጎደ ጉንጫቸውን አይተሽ ታውቂያለሽ? ከአገሩ ልጅ ሁሉ ‹ብቻዬን አልበላም› ያለችው ነቢሃ ናት። መብራቷ የበራችውም ድርሻዋን ለአያቷ ስለምታጎርስ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ‹ለዚህ ልጅ ምን ጎደለው?› ብዬ ነው የጠየቅሁት። ‹ከማን ጋር ይበላል?› ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።»

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ እማማ ፌቨን። የልጃቸውን ዓይን ያውቁታል፤ ፈሩት።

«ነገ እጄን ሳስቀምጥ ተራራው አንድ ጊዜ ይሰማኛል። ዝጋ ልለው እችላለሁ። ሌላ ጥያቄም ልጠይቀው እችላለሁ፤ ‹ልጁን ያቀፈውስ በልቷል?› ብዬ። ክሩ ልጁ የሚቀመጥበትን ጭን ያውቃል፤ የሚያቅፈውን ክንድ ያውቃል። ጠይቀነው አናውቅም እንጂ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መንበር የለም። ምናልባት ሥራም የለም። ሌላም ሊመጣ ይችላል።»

«አይሆንም!» ብለው እማማ ፌቨን ተነሡ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እናትሽን ቀብሬ፣ አባትሽን ቀብሬ፣ አንቺን ደግሞ በደረሽበት ወግ ማዕረግ ላይ...»

«ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ተዪ ካልሽኝ እተዋለሁ። ካልመረቅሽኝ አልነካውም።»

«አልመርቅሽም!»

ረድኤት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቆጣችም። ይህ ነው እማማ ፌቨንን የባሰ ያስጨነቃቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ቂጣ ጋግረው በጨርቅ ጠቅልለው እማማ ኢክራም ዘንድ ሄዱ። ነቢሃ ደጅ ላይ ገመድ ትዘላለች፤ ክሯ አንገቷ ላይ አብሯት ይዘላል። እማማ ኢክራም ተነሥተው፣ ወንበር ጠርገው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተቀበሏቸው። ቀሚሱ ወገባቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቦ ተይዟል። እማማ ፌቨን ስንት ጊዜ እንዳዩት፣ ስንት ጊዜም ፋሽን መስሏቸው እንዳለፉት አሰቡ።

«እንኪ፣ በሙቁ ብዪ።»

«ማሻአላህ፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል! ግን አሁን ነው የበላሁት ፌቨንዬ። ለነቢሃም አትስጫት፣ የተሰፈረላትን ያዛባባታል።»

«አይቼሻለሁ» ሊሉ ፈለጉ። ስልሳና ሰባ ዓመት በክብር የኖረን ሰው እንዴት አድርገው አይቼሻለሁ ይሉታል? ቂጣቸውን እንደያዙ ተመለሱ።

በዓሉ በሆጤ ሜዳ ነበር። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። በተራራው በኩል ከፍ ያለ መድረክ ተሠርቷል፤ ከመድረኩ ፊት ልጆቹ በነጭ ልብስ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። መብራቷ ከመጥፋቷ በፊት ያለውን የመጨረሻ የማዕድ ሰዓት ዓለም ሊያይላቸው ነው። ከልጆቹ ወዲህ ማዶው የማይታይ የወንበር ረድፍ፤ የከተማው አዋቂ ሁሉ ጀርባውን ለልጆቹም፣ ለመድረኩም፣ ለጦሳም ሰጥቶ ተቀምጧል። ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ ዞሮ የጨለመውን ተራራ እንዲያይ ነው። እማማ ፌቨን ሽቶአቸውን ተቀብተው መሃል ላይ ናቸው። እማማ ኢክራም ንፋሱ ባለበት በኩል።

እርግቦቹ መጡ። ሰማዩን ነጭ አድርገው ሲወርዱ ሕዝቡ ሁልጊዜ ቢያያቸውም «አቤት!» አለ። ሜዳው ሙሉ ሳህን በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ከመድረኩ አቶ ናኦድ፣ የበዓሉ አዘጋጅ፣ ንግግር ጀመሩ። ድምፃቸው በራስ ላይ አልፎ ይሄዳል። «በዓለም መጀመሪያው... አንድም ልጅ የማይራብባት... ይህን ሁሉ በአንዲት ሴት ዕውቀት...» ቀጥለውም «ፕሮፌሰር ረድኤት እጃቸውን ያኖራሉ» አሉ።

ረድኤት ግን ዘገየች። አቶ ናኦድ «ፕሮፌሰር?» ሲሉ ተሰማ።

እማማ ፌቨን አላዩም፤ ጀርባቸው ነው። ነገር ግን የልጃቸው ዓይን ማጅራታቸው ላይ ሲያርፍ ተሰማቸው። ከዚያ ሁሉ ነጠላ መካከል የሳቸውን እየፈለገች ነው። ተዪ ብያታለሁ፣ ትተዋለች፣ አሉ በልባቸው። እንግዲህ ትክበር። እንግዲህ ትረፍ።

«አያቴ» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ መጣ። ነቢሃ ናት። ከልጆቹ መካከል ተነሥታ፣ በወንበሮቹ መሃል ተሹለክልካ፣ ከእማማ ኢክራም ጀርባ ቆማለች።

«ሂጂ!» አሉ እማማ ኢክራም ሳይዞሩ። «ለነቢዩ ብለሽ፣ ሂጂ! ሁሉም ሰው እዚህ ነው!»

«አንቺ ሳትበዪ አልበላም።»

እማማ ፌቨን ቀስ ብለው ተነሡ። የወንበራቸውን መደገፊያ ያዙ። ከዚያም ወንበሩን ጎትተው፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙረው አስቀመጡትና ተቀመጡበት።

በዚያ ስፍር ቁጥር በሌለው ጀርባ መካከል አንድ ፊት።

«ዓይኗ የማይጠግብ!» አለ አንድ ድምፅ። «አሮጊቷን ምን ነካት?» አለ ሌላው። እማማ ኢክራም ክንዳቸውን ያዟቸው። «ፌቨን፣ ተዋረድሽ እኮ! ዙሪ!»

እማማ ፌቨን አልሰሙም። ረድኤትን አዩዋት፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት ትንሽ፣ ቀጭን፣ ሹራብ ያልደረበች። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ያሰብሽውን ያሳካልሽ» አሉ። «ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ብቻ... ብቻ ይጠብቅልኝ።»

ረድኤት እጇን አኖረች።

መብራቷ ጠፋች።

አቶ ናኦድ «ጠፋች!» ሲሉ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። እልልታው ሳያባራ ጦሳ ጨለመ። በከተማው ካለ ሰው ግማሹ እንደዚያ ጨልሞ አይቶት አያውቅም።

ከዚያ ከግርጌው አንዲት በራች። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ማንም ሊከተለው በማይችል ፍጥነት፣ እሳት ደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ፣ ሽቅብ ወጣ። ገደሉ በራ፤ ሸንተረሩ በራ፤ አናቱ በራ። ተራራው ሲሞላ ከጀርባው ያለው ጉብታ ቀጠለ፤ ከዚያም ከዚያ ወዲያ ያለው። ያ የመጀመሪያው ምሽት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጧፍ ነበር።

ጀርባቸውን የሰጡት አዋቂዎች ብርሃኑን በመጀመሪያ አላዩም። ያዩት ጥላቸውን ነው። እያንዳንዱ ከእግሩ ሥር የራሱ ጥላ ሲወጣ፣ ሲረዝም፣ ሜዳውን አቋርጦ ከተማው ላይ ሲወድቅ አየ። እልልታው ተቆረጠ። አንድ ሽማግሌ ዞረ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የወንበር ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ሆነ፤ ያ ሁሉ ሰው ልጆቹን ፊት ለፊት አየ። ልጆቹም እነሱን። በብርሃኑ የሁሉም ጉንጭ ይታያል። አንድ ትንሽ ልጅ ሳህኑን አንሥቶ፣ እየተደናቀፈ፣ ወደ አያቱ መሄድ ጀመረ። የሚከለክለው አልነበረም።

አቶ ናኦድ መድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ረድኤት ግን እጇን አላነሣችም። እማማ ፌቨን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያያሉ። ልጄን ያስሯት ይሆን? ያባርሯት ይሆን? ይሉና ደግሞ ተራራውን ያያሉ። ለዚህ ሁሉ ሥራማ የሷ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ ስንት ረድኤት ያስፈልጋል! እንባቸው የፍርሃት ይሁን የሌላ ነገር አላወቁትም።

እማማ ኢክራምም ዞረው ነበር። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነው። ነቢሃ ጭናቸው ላይ ወጥታለች።

«ይህ ሁሉ የማነው?» አሉ ቀስ ብለው። «የየትኛው ቤት ነው?»

«አይነገርም» አሉ እማማ ፌቨን። «ስም የለውም።»

የነቢሃ መብራት የት ጋ እንደነበረች አሁን ማንም ሊለያት አይችልም። እማማ ፌቨን እጃቸውን ሰደው የጓደኛቸውን እጅ ያዙ። አጥንት ነበር።

«ኢክራም» አሉ። «በልተሻል?»

እማማ ኢክራም እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሐምዱሊላህ የሚለው እስከ ከንፈራቸው መጣ። ከዚያ ተራራውን አዩት። ብዙ አዩት።

«አልበላሁም» አሉ።